በታኅሣሥ ውርጭ የወንዝ ዓሣ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንግሊዞች በውርጭ ማለዳ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ቸብ የሚባል ዓሣ ሲያጠምዱ በቪዲዮ አየሁ። እኔም በታኅሣሥ ከጓደኛዬ ጋር ገና ሳይነጋ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድኩ። ጣታችን እስኪደነዝዝ ብንጠብቅም አንድም ዓሣ መንጠቆውን አልነካም። ቸብ በእኛ ወንዞች ይገኛል? ዓሣውስ በብርድ ጊዜ የት ይገባል? ጓደኛዬ «የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠን ውሃው ላይ ብንበትን ይሻላል» ይላል። ምን ይመክሩናል?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቸብ የአውሮፓ ወንዞች ዓሣ ነው፤ በቦርከናም በሚሌም በበሺሎም የለም። ዘመዱ ግን አለ። የጣና ሰዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት ባርበስ እንደ ቸብ ሁሉ የካርፕ ወገን ነው። በአፉ ዙሪያ ባሉት ሁለት ጥንድ ጢሞች ትለየዋለህ፤ ቸብ ጢም የለውም።

ቪዲዮው ያሳሳተህ በሰዓቱ ነው። በእንግሊዝ አገር የታኅሣሥ ቀን ርዝመቱ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይዋም ደካማ ስለሆነች የማለዳውና የቀትሩ ውሃ ብዙም አይለያይም። ቸብ ደግሞ ሌሎቹ ዓሦች መብላት በሚተዉበት ብርድ እንኳ ዳቦና አይብ የማይንቅ ሆዳም ነው። የወሎ ብርድ ሌላ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ሙቀቷን ታጣለች፤ ውሃው ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ጎሕ ሲቀድ ነው። የዓሣ ሰውነት እንደ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ የበላው ቶሎ አይፈጭለትም፣ ለመብላትም አይቸኩልም። ስለዚህ በሌሊት አትነሳ። ቁርስህን ብላና ፀሐይ ውሃውን ካገኘችው በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውረድ።

ቦታውን ደግሞ በወንዙ ጠባይ ፈልገው። በክረምት ጎርፉ ሲሞላ ባርበስ ወደ ላይ እየወጣ ጠጠር ላይ ይራባል። ከኅዳር ወዲያ ውሃው ይጎድልና ይጠራል፤ ጠጠሩ በሚታይበት ስስ ውሃ ላይ የቆመ ዓሣ የወፍ ሲሳይ ነው። ስለዚህ ውሃው ጠልቆ ወደተኛበት ይሰበሰባል፤ ወንዙ ሲታጠፍ ዳሩን ወደቦረቦረበት፣ የአኻያ ሥር ወደተንጠለጠለበት። ዓሣ ፊቱን ወደሚወርደው ውሃ ስለሚያዞር ከበታቹ፣ ከኋላው ቅረብ። ጥላህ ውሃው ላይ አይውደቅ፣ ድንጋይም አታንኳኳ። ክርህ ቀጭን፣ መንጠቆህ ትንሽ ይሁን። ከፍግ ሥር የቆፈርከውን ትል ወይም የዳቦ ልብ አድርግበትና ከላይ ጥለህ፣ ውሃው ራሱ እየጎተተ ወደ ሥሩ እንዲያስገባው ተወው። በብርድ ጊዜ አይነጥቅህም፤ ክሩ ትር ካለ በቂ ነው፣ ያን ጊዜ ሳብ።

ውሃው ውስጥ ግን አትግባ። በቦርከና ተፋሰስ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ፤ የሚያመጣው ጥቃቅን ትል ከቀንድ አውጣ እየወጣ በቆዳ ነው የሚገባው፣ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይዋ ስትበረታ ነው። ለመብላት የምታጠምድ ከሆነም ቦርከናን ተወው። ለዮሌና ወርቃ የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች ፍሳሽ ይዘው ይገቡበታል፤ በእነዚህ ወንዞች ውስጥ ክሮምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች በጥናት ተገኝተዋል። በዚህ ዝም ማለት አልችልም፤ ሚሌ ይሻልሃል። የባርበስ ሥጋ እሾሃም ስለሆነ ከመጥበስህ በፊት ጎኑን በቢላ ጠበቅ ጠበቅ አድርገህ ሸርክተው፤ ቀጫጭኑ አጥንት በጋለ ዘይት ይደርቅልሃል።

ስለ ብርብራው፦ በፍጹም! በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ዓሣው ኦክስጅን ውሃው ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሰውነቱ ሊጠቀምበት ስለማይችል ታፍኖ ይንሳፈፋል። መንጠቆ አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል፤ ብርብራ ግን ትልቁንም፣ ጣት የማታክለውን ጫጩትም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትም አይለይም። ይልቁንም በበጋ። እስከ በልግ ዝናብ ድረስ የዚያ ሁሉ ወንዝ ዓሣ የቀረችው መጠጊያ ያቺ አኻያ ሥር ያለችው ጥልቅ ውሃ ናት። ውሃው ትንሽ ስለሆነ መርዙ ይበረታል፣ ዓሣውም መሸሻ የለውም። በመጪው ክረምት ጎርፍ ተከትለው ወደ ላይ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት እነዚያ ዓሦች ናቸው፤ በአንድ ቀን ከጨረሳችኋቸው ማን ይወጣል? ከታች ከብት የሚያጠጣ፣ ልብስ የምታጥብ፣ እንስራ የምትሞላ ሰውም አለች።

ጓደኛህ ጆንያ ሙሉ ዓሣ ካማረው መንገዱ ሌላ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐይቅ ከተማ ይውረድ። እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሐይቁ የገባው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በዚያ ተራብቷል፤ ከአጥማጆቹ እጅ ይግዛ።