ልክ ሳይወሰድ ልብስ አይሰፋም፦ ስለ ሠራተኛ አያያዝና ዲዛይን ቲንኪንግ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ በሆቴል፣ በጤና ተቋምና በማምረቻ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት «ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባለው አሠራር ለሠራተኛ አያያዝ ምን ይጠቅማል?» ብዬ ጥያቄ ያላችሁ እንድትጽፉልኝ ጋብዤ ነበር። የመጣው ብዙ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ፣ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በፒያሳ አካባቢ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ስሙን ሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን በቀላል አማርኛ የነገረኝ የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሆቴልዎ ወጣ ይበሉና በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ የሚሠራውን ልብስ ሰፊ ይመልከቱት። ጥሩ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ልክ ይወስዳል። «ለሠርግ ነው ወይስ ለሥራ?» ብሎ ይጠይቃል። ቆርጦም ወዲያው አይጨርሰውም፤ በላላ ክር ያያይዝና ያስለካል። ትከሻው ከጠበበ ክሩን መፍታት ቀላል ነው። በመኪና የሚሰፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ዲዛይን ቲንኪንግ ይኸው ነው። ሰውየውን ቀርቦ ማወቅ፣ ችግሩን በትክክል መሰየም፣ ብዙ መፍትሔ ማሰብ፣ በርካሽ መሞከሪያ ማዘጋጀት፣ ከዚያ በሰው ላይ ሞክሮ ማረም። እኛ በሰው ሀብት ክፍል ያለን ሰዎች ግን ልክ ሳንወስድ እንቆርጣለን። መመሪያ ጽፈን፣ አስፈርመን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ሠራተኛው ሲጠበው ደግሞ «ሠራተኛው አስቸጋሪ ነው» እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ፤ አሁን በጣም ይቆጨኛል።

ሐሳቡ ከየት መጣ ለሚሉ፦ አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1969 ንድፍን እንደ አንድ የአስተሳሰብ ዘዴ ጽፈውበታል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው አይዲዮ የተባለ የንድፍ ድርጅትና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የንድፍ ትምህርት ቤት አስፋፍተውታል።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። ይህስ ከእነሱ በምን ይለያል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ ድካምዎንም አውቀዋለሁ። ቢፒአር የሥራውን ሂደት ከሥሩ እንደ አዲስ ማዋቀር ነው። ቢኤስሲ ግብና መለኪያ ነው። ካይዘን ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ማሻሻል ነው፤ ለዚህ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚያውቀው ሠሪው ነው ብሎ ይነሣልና። ዲዛይን ቲንኪንግ የሚለየው መነሻው የአንድ ሰው ውሎ በመሆኑ ነው። ሂደቱም ሆነ መለኪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ነገር ግን እውነቱን ልንገርዎት። በባነርና በአበል ከመጣ አራተኛው ስም ሆኖ ይቀራል። መለያው አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ወር ኃላፊዎቹ ከማን ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ? ከአማካሪዎች ጋር ብቻ ከሆነ አይመኑት። ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና ከጥበቃው ጋር ከሆነ ዕድል ይስጡት።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ብለን አዳዲስ ሠራተኞች እንቀጥራለን፤ እንግዳው ሲሄድ እነሱም ይሄዳሉ። ደመወዝ ልጨምር አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሦስት ሰዎች ልከውታል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆቴል ችግሩ ይኸው ነበር። በታኅሣሥ እንቀጥራለን፤ በከተራና በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ሁሉም ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ የካቲት ሲገባ ግማሹ የለም። አስተዳደሩ «ደመወዝ ነው» ብሎ ዘጋው። እኔም አምኜ ነበር። በኋላ ግን አንዲት አዲስ የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ፈቅዳልኝ፣ ከቅጥር ማስታወቂያው ጀምሮ እስከ 60ኛው ቀን ያለፈችበትን ሁሉ በረጅም ወረቀት ላይ አብረን አሰፈርነው። ከላይ የሆነውን፣ ከታች የተሰማትን ጻፍን። ባለሙያዎቹ የሠራተኛ ጉዞ ካርታ ይሉታል።

መጀመሪያ የወጣው ዋስ ነው። ልጅቷ ከደባርቅ የመጣች ናት፤ ደመወዝተኛ ዋስ ከየት ታምጣ? የማታውቀውን ሰው በሰው በሰው ለምና ነው ያገኘችው። ሥራዋን የጀመረችው የሰው ውለታ ተሸክማ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያ ደመወዟ ነው። የደመወዝ ዝርዝር በየወሩ በ20 ይዘጋል፤ እሷ በ21 ገባች። ስለዚህ አርባ ቀን ያህል ያለ ሳንቲም ሠራች፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ቅድሚያ ነው። ሦስተኛው የማታ ፈረቃ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ስትወጣ ወደ አዘዞ የሚሄድ ታክሲ የለም፤ የባጃጅ ኮንትራቱ ደግሞ የቀኑን ጉርሻ ይውጠዋል።

የደመወዙን መጠን አንድም ጊዜ አላነሣችም። ደመወዙ በቂ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አነስተኛ ነበር። ልጅቷን ከሥራው ያስመረራት ግን አነስተኛነቱ ሳይሆን አርባው ቀን ነበር።

ከዚያ በላላ ክር ማያያዝ ጀመርን። ለሁሉም መመሪያ አላወጣንም። ለሦስት አዳዲስ ሠራተኞች ብቻ፣ ለአንድ ወር ብቻ፣ የሠሩት ቀን ተሰልቶ በወሩ መጨረሻ በቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጣቸው ጠየቅን። ገንዘብ ቤቱ «አይቻልም» ሲለን «ለሦስት ሰው፣ አንዴ» አልን፤ ፈቀደ። ሩቅ የሚኖሩትን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በሚያበቃ ፈረቃ መደብን። ሦስቱም ፋሲካን እዚያው ሆነው አከበሩ። ሦስት ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን «አይቻልም» የተባለው እንደሚቻል ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት የቅድሚያ ክፍያው ለሁሉም ሆነ።

ያልተሳካም ነበር። ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ አንድ ነባር «አስተማሪ» መደብን፤ ነባሮቹ ጉርሻቸውን የሚካፈል ሰው እንደመጣባቸው አዩት። በሳምንቱ ክሩን ፈታነው። በደብዳቤ ለሁሉም አውጀነው ቢሆን ኖሮ ግን ለመሻር ስንት ስብሰባ ይፈጅ ነበር።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ታካሚው ይጠየቃል፤ እኛን ማን ይጠይቀናል? አዳር ስንገባ ስንወጣ የሚያየን የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ለመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያ ያፈራች ከተማ ናት። የጤና ሠራተኛዋ «የሚያየኝ የለም» ስትል ልቤ ያዝናል።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ዳግ ዲትዝ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ የሕክምና መሣሪያ ንድፍ ባለሙያ፣ የሠራውን ኤምአርአይ የተባለ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ የምርመራ መሣሪያ ለማየት ሆስፒታል ሄዶ አንዲት ሕፃን ፈርታ ስታለቅስ አየ። የኩባንያው ሰዎች የሚያዩት መሣሪያውን ነበር፤ ሕፃኗ ያየችው ጨለማ ጉድጓድና አስፈሪ ጩኸት ነው። መሣሪያውን አልለወጠም፤ ክፍሉን እንደ መርከብ አስጊጦ ምርመራውን የጨዋታ ጉዞ አደረገው። በማደንዘዣ እንዲተኙ የሚደረጉት ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ።

ይህን ወደ እናንተ አምጪው። አለቆቻችሁ የሚያዩት የተረኛ ሰሌዳውን ነው፤ አንቺ የምታይው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሻይ የሚፈላበት ቦታ አለመኖሩን፣ የአዳር መውጫ ላይ ርክክቡ ተራዝሞ ልጅሽን ትምህርት ቤት ማድረስ አለመቻልሽን ነው። ለአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዋርድ፣ ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ርክክቡ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና የት እንደሚጓተት መዝግቡ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ለመሞከር ዋና ነርሷን አስፈቅዱ። የታማሚውን ደኅንነት የሚነካ ሙከራ ግን እንዳትሞክሩ።

ጥያቄ፦ መጠይቅ በትነን ነበር፤ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ መለሰ። ሠራተኛው እውነቱን አይናገርም።

መልስ፦ አይናገርም አይባልም፤ አጠያየቃችን አያናግረውም። በስብሰባ ላይ «ቅሬታ ያለው?» ሲባል ዝም የሚባለው ቅሬታ ስለሌለ አይደለም። ይሉኝታ አለ፣ የእንጀራ ነገር አለ፣ ባለፈው ዓመት ተናግሮ የተዛወረ ሰው ትዝታ አለ።

«ምን ይሻሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ትናንት ከቤት ከወጣህበት ጀምሮ እስክትገባ ያለውን ንገረኝ» በሉ። ታሪክ መናገር ክስ አይመስልም። ከቢሮ ወጥታችሁ ቡና ላይ ተቀመጡ፤ ከአቦል ጋር የሚወጣው ሰላምታ ነው፣ ከቶና ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በረካ ላይ ነው። አትቸኩሉ። የቅርብ አለቃ አይገኝ፤ ስም አይጻፍ። የሰማችሁትን ለቅጣት ከተጠቀማችሁበት ሁለተኛ ዕድል አታገኙም።

ስንት ሰው ላነጋግር ያላችሁም አላችሁ። ከተለያየ ፈረቃና ዕድሜ ከአምስት እስከ ስምንት ለመጀመር ይበቃል። አዲስ ነገር መስማት ስታቆሙ አቁሙ።

ጥያቄ፦ እንዲህ እየሞከርን ሕግ ብንጥስስ?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወለል ነው፤ ሙከራው ከወለሉ በላይ ይሁን። የሙከራ ቅጥር ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀናት አያንስም። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ለአባትየው 3 ቀን። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ሠራተኛው ስለተስማማ ብቻ ከዚህ ዝቅ ማለት አይቻልም። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ በጀት የለንም።

መልስ፦ ወረቀት፣ እርሳስና ሁለት ሳምንት ይበቃል።

ጥያቄ፦ በፋብሪካ የክፍል ኃላፊ ነኝ። የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ጓደኝነት ይበላሻል። ይህም ይነደፋል?

መልስ፦ ይነደፋል። አዶቢ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመታዊ ምዘናውን ትቶ አለቃና ሠራተኛ በየጊዜው የሚያደርጉትን አጭር ውይይት ተክቶበታል። እርስዎ ቅጹን የመሰረዝ ሥልጣን ላይኖርዎት ይችላል፤ የለዎትም ብዬ ልነሣ። ቅጹ እንዳለ ይቆይና በየወሩ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ሩብ ሰዓት ይቀመጡ፦ ምን ተሳካ? ምን አስቸገረህ? ከእኔ ምን ትፈልጋለህ? ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉት። በዓመቱ መጨረሻ የሚሞሉት ነጥብ ለማንም ድንገተኛ አይሆንም፤ ጠብ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛነቱ ነውና።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመርቄ በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ተቀጥሬያለሁ። ፋይል ከማስቀመጥ በስተቀር ሥልጣን የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ያለሽበት ቦታ ጥሩ ነው፤ የሚቀጠረውም የሚለቀውም በጠረጴዛሽ ያልፋል። ከመውጫው ጀምሪ። ለቆ የሚሄድ ሠራተኛ ክሊራንስ ሲያስፈርም ለዓመታት ያገለገለበት ቤት የመጨረሻ ፊቱን ያሳየዋል። ንብረት ክፍል ኃላፊው የሉም፤ ቤተ መጻሕፍት ያልተበደረውን መጽሐፍ ይጠይቁታል፤ ሂሳብ ክፍል «ነገ ተመለስ» ይባላል። ሕጉ ደግሞ የሥራ ውል ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈለው ያዛል፤ ስለ አገልግሎቱም ማስረጃ የማግኘት መብት አለው። የሚሄደው ሰው ደግሞ የሚፈራው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይነግርሻል።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ቅጹን ሊወስድ ሲመጣ አለቃሽን አስፈቅጂና አብረሽው ዙሪ። ስንት በር እንዳንኳኳችሁ፣ ስንቱ ዝግ እንደነበረ፣ የትኛው ፊርማ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሊያስረዳ እንዳልቻለ ጻፊ። ከዚያ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።