አያዞረኝም ስላለ ጆሮው ደህና ነው ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሐኪም እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "ታካሚዬ ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ ግን አያዞረኝም ይላል። በደንብም ይሰማል። ታዲያ ችግሩ ከውስጥ ጆሮ አይደለም ብዬ ልለፈው?" እንዳታልፈው አልኩት። መልሱ አጭር ነው። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ለእናንተ ለወጣት ሐኪሞችም ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ ገና ተለማማጅ ነበርኩ። ሰውየው የሂሳብ መምህር ናቸው። ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ተኝተው ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጣቸው ሰነበተ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ኩላሊታቸውም ደህና ሆነ፤ ሁሉም ደስ ብሎት ሸኛቸው። ብዙ ሳይቆዩ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተመለሱ። "መንገዱ ይዘላል" አሉ። ሲራመዱ የመጪውን ሰው ፊት መለየት ያቅታቸዋል፣ ቆም ሲሉ ይለዩታል። ሰሌዳው ላይ ጽፈው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞር ሲሉ ክፍሉ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላቸዋል። ማታ መብራቱን ካጠፉ ከአልጋቸው እስከ በሩ መድረስ አይሆንላቸውም።

"ያዞርዎታል?" ተባሉ።

"አያዞረኝም።"

በቃ፣ ነገሩ እዚያችው ላይ ተዘጋ። የመስማት ምርመራ ተሠራ፣ ደህና ነው። ጭንቅላታቸው ምስል ተነሳ፣ እሱም ደህና ነው። ስለዚህ "ጭንቀት ነው" ተባለና ማረጋጊያ ተጻፈላቸው፤ ምንም ለውጥ ሲጠፋ ደግሞ አያዞረኝም ላሉት ሰው የማዞር ክኒን ተጨመረ! በሰፈራቸው ጠጪ ሆነዋል የሚል ወሬም ተነዛ፤ ሰውየው መጠጥ በአፋቸው አይዞርም። በመጨረሻ ማስተማሩን ተዉት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት አንጋፋ ሐኪም አየቻቸው። ምንም መሣሪያ አልፈለገችም። የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ፊት አስቀምጣ አስነበበቻቸው፤ እስከ ታችኛው መስመር አነበቡ። ቀጥላ ከኋላቸው ቆመች፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ ፈጠን ፈጠን አድርጋ እየነቀነቀች "አሁንስ ያንብቡ" አለች። ከላይ ካሉት ትልልቆቹ ፊደላት በቀር ሁሉም ተደባለቀባቸው። ከዚያ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አቁማ ዓይናቸውን አስጨፈነቻቸው። ወዲያው ወደቁ፤ ተዘጋጅታ ስለነበር በብብታቸው ያዘቻቸው። መምህሩ እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው "ታዲያ አላበድኩማ!" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱም ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል፣ ዝም ብለን ስንቀመጥ እንኳ፣ በቬስቲቡላር ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ምልክት ይልካል። አንጎል የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ነው። የአንዱ ጎን ነርቭ በድንገት ሲቆጣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ዓለም ይሽከረከራል፣ ሰውየው ለቀናት እያስመለሰው ይተኛል። ጄንታማይሲን ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እኩል ነው የሚጎዳው። ቃሬዛን ሁለት ሰዎች እኩል ዝቅ ሲያደርጉት አያጋድልም፤ ዝቅ ማለቱ ግን አልቀረም። ስለዚህ ማዞር የለም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፦ ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይንን በዚያው ልክ ወደ ግራ የሚመልሰው፣ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ የሚሠራው ምላሽ። እሱ ከሌለ በእያንዳንዱ እርምጃ መንገዱ ይዘላል። መስማት ደግሞ ላይነካ ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ልክ ሆኖም ጉዳቱ ይደርሳል።

እኔን የሚቆጨኝ ክኒኑ አይደለም። መምህሩ ገና መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳለ፣ ግድግዳ ይዘው ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁላችንም እናያቸው ነበር። "አቅም አንሷቸው ነው" ተባለ። የተኛ ሰው ሚዛኑን ማጣቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሲነሳ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ተነስተው ነበር። የሞቱት የጆሮ ህዋሳት ተመልሰው አይበቅሉም። ያን ዕለት መርፌው ቢቆም ኖሮ ምን ያህሉ ይተርፍ እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።

ታካሚን ስለ መስማት ካነሳን፣ የጆሮ ሐኪሙን ሮበርት ባራኒን ታውቁታላችሁ? የታካሚውን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ ሰውየው "ውኃው ሲቀዘቅዝ ነው የሚያዞረኝ፣ ቤቴ በሞቀ ውኃ ሳጥበው ምንም አልሆንም" አለው። ሌላ ሐኪም ቢሆን ይስቅ ነበር። ባራኒ ነርሷን ሞቅ ያለ ውኃ አስመጣ፤ ውኃው ከልክ በላይ ሞቀና ያም አዞረው፣ ግን ዓይኑ የሚርገበገበው በተቃራኒው አቅጣጫ ሆነ። ከዚያች ወሬ የተነሳው ሥራ የ1914ን የኖቤል ሽልማት አስገኘለት፤ ዜናው ሲደርሰው ሩሲያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ነበር።

እናንተ ልጆች ጎበዞች ናችሁ፤ እኛ በእናንተ ዕድሜ የምታውቁትን ግማሹን አናውቅም ነበር። ግን ታካሚው ሲራመድ ሳታዩ የኤምአርአዩን ፎቶ በስልክ ትልኩልኛላችሁ። የሞተ የጆሮ ህዋስ በኤምአርአይ አይታይም። አስነሱት፣ አራምዱት። ስትሮክን አትርሱ እያልኩ አልዘበዝባችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ።

ጄንታማይሲንን ጥሉት ማለቴም አይደለም። ስንቱን ከሞት ሲመልስ አይቻለሁ፤ ነገ ቢያስፈልግ ራሴ አዝዘዋለሁ። ብቻ በየቀኑ "ስታነብ ፊደሉ ይንቀጠቀጥብሃል? ስትነሳ ትንገዳገዳለህ?" በሉ። የማዞር ክኒንንም እንዲሁ እየረገምኩ፣ የአንድ ጎን ነርቭ ተቆጥቶበት የሚያስመልሰውን ሰው ስቀበል ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔው እሰጠዋለሁ። ከዚያ ሲያልፍ ግን አንጎል ለመልመድ የሚያደርገውን ጥረት ያዘገያል፤ ሁለቱንም ላጣ ሰው ደግሞ ከነአካቴው አይጠቅመውም።

ለእሱ የሚጠቅመው እንቅስቃሴ ነው። አንድ ፊደል ላይ ዓይኑን ተክሎ ጭንቅላቱን ይነቅንቅ፣ በየቀኑ፣ ቢሰለቸውም። ሌሊት ትንሽ መብራት ይተው። ዋናተኛ ከሆነ ደግሞ ብቻውን ውኃ ውስጥ እንዳይገባ ንገሩት፤ ዓይኑ ካላየለት ውኃ ውስጥ ላይና ታቹን መለየት አይችልም፣ ይህን ደግሞ ብዙ ሐኪም መናገር ይረሳል።