የሰሜን ተራሮችን መቼ እንጎብኝ? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የጉዞውን ወቅት የሚመለከቱ በመሆናቸው በዚህ ዓምድ አንድ ላይ እንመልሳቸዋለን።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሄድ ባልና ሚስት ነን። የትኛውን ወር ይመርጡልናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያለ ማመንታት ጥቅምትን እመርጥላችኋለሁ። ዋናው ዝናብ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን አየሩ ታጥቦ ስለሚጠራ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው የእሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ከቆላው የበቀሉ የሚመስሉትን አምባዎች አንድ በአንድ ለይቶ ያያቸዋል። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ የጅንባር ፏፏቴም ውኃው ሳይሳሳ ወደ ገደሉ ይወረወራል። እስከ ኅዳር ማብቂያ ብትዘገዩም አትከስሩም። ከታኅሣሥ በኋላ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ቢቆይም ሣሩ እየደረቀ፣ ፏፏቴውም እየቀጠነ ይሄዳል። መጋቢትና ሚያዝያን የምመክረው ሌላ ጊዜ ለሌለው ብቻ ነው፤ ጭጋጉ ርቀቱን ይጋርዳል፣ ድርቀቱም ለእሳት ያጋልጣል። በ2011 ዓ.ም. በእነዚሁ ወራት የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት ነበረባቸው። ስለዚህ በደረቁ ወቅት የምትሄዱ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ከካምፑ ውጭ እሳት አታንድዱ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ክረምት ላይ ብንመጣ ይሆናል? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ለብዙ ቀናት የእግር ጉዞ አይሆንም። መንገዱ ይጨቀያል፣ ጉሙ ገደሉን ሙሉ ቀን ሊሸፍነው ይችላል፤ ያን ያህል ርቀት ተጉዘው የመጡ ልጆችም ከነጭ ጉም በቀር ሳያዩ ቢመለሱ ያሳዝናል። ከቻሉ በፈረንጆቹ ገና ዕረፍት ይምጡ፤ ጊዜው ታኅሣሥ ስለሚሆን ደረቅና ብሩህ ነው። ክረምቱ ብቻ ከሆነ አማራጭዎ፣ የፓርኩ መግቢያ በሆነችው በደባርቅ ከተማ አድረው ማለዳ ጉሙ ሳይሸፍነው በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ቡይት ራስ ይውጡ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በክረምትም አካባቢውን አይለቁም፤ ለልጆች ደግሞ ሣር ሲግጡ በቅርብ እንደ ማየት የሚያስደስት ነገር ያለ አይመስለኝም። የተረፈውን ጊዜ ለጎንደር ቤተ መንግሥቶች ይስጡት።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ የተወለዱበትን የጎንደር አገር ለማየት በአይሁድ የቲሽሪ ወር በዓላት ሰሞን እንመጣለን። ተራራውንም መጨመር እንችላለን? (ከነታንያ)

መልስ፦ ትችላላችሁ። ከእነዚህ በዓላት አንዱ የሆነው የዳስ በዓል በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ መካከል ስለሚውል፣ በዓሉ በሚዘገይበት ዓመት ከምርጡ ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ቀደም በሚልበት ዓመት ግን የዝናብ ልብስ ያዙ። ወላጆቻችሁ በዕድሜ ከገፉ የፓርኩ ካምፕ ሳንካበር 3,250 ሜትር ላይ መሆኑን አትርሱ፤ መጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎ ደባርቅ አድራችሁ ከፍታውን ቀስ በቀስ ብትለማመዱት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን ተራራ መውጣት እንፈልጋለን። ብርዱ እንዴት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብርቱ ነው። በጥር ሌሊት ካምፑ ውርጭ ይመታዋል፣ በዕቃ የተተወ ውኃም በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋችኋል። የጎንደር ማረፊያዎች ለበዓሉ አስቀድመው ስለሚያዙ፣ ክፍል ሳትይዙ አትነሡ። እኔ ብሆን ተራራውን አስቀድሜ፣ ለከተራ ጎንደር እገባ ነበር።

ጥያቄ፦ ዋልያ በየትኛው ወር ይታያል?

መልስ፦ ከወሩ ይልቅ ሰዓቱን ምረጡ። ጨነቅ በተባለው ካምፕ አድራችሁ ማለዳ ወይም ወደ ማምሻው ገደሉን በርቀት ማሳያ መነጽር በትዕግሥት ቃኙ፤ በቀትር የሚደርስ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ መንገዱ ሰላም ነው?

መልስ፦ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ከየትኛውም የአየር ሁኔታ በላይ ጉዟችሁን ሊወስን ይችላል፤ ይህን ሳልጽፍ ወር ብቻ ብመርጥላችሁ አሳስታችኋለሁ። ሁኔታው በሳምንታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የጎንደርንና የደባርቅን መንገድ ሁኔታ በደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከአስጎብኚያችሁ ጠይቁ፤ የአውሮፕላን ትኬትም ቀኑ ሊለወጥ የሚችለውን ግዙ።