የፔንሳኮላ ነጭ አሸዋ ግራጫ ሆኖ ለወጣባት እህት

እህቴ፣ ባለፈው ሰመር ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ አጠገብ ባለችው ሳንታ ሮዛ ደሴት ላይ ያነሳሽው አሸዋ ሲሚንቶ መስሎ እንደወጣ ጽፈሻል። አሁን ደግሞ በፈረንጆች ገና ከአትላንታ ቤተሰብ ይዘሽ፣ ሁሉንም ሀበሻ ልብስ አልብሰሽ ልትመለሺ ነው። የጠየቅሽው የትኛውን ሌንስ ልግዛ ብለሽ ነው። ሌሎች ደግሞ ለፎቶ ፈቃድ ብዙ መቶ ዶላር ትከፍያለሽ ብለው መልሰውልሻል። ምንም አትግዢ፤ ያለሽ ይበቃል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

1. ካሜራው ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚለካው። ፍሬሙ በነጭ አሸዋ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የለካውን ብርሃን የምታርሚበትን፣ +/- የተጻፈበትን) ከ+1 እስከ +1.7 ከፍ አድርጊና በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሺ። ሂስቶግራሙ (ግራው ጨለማ፣ ቀኙ ብርሃን የሆነው ግራፍ) ወደ ቀኝ ይጠጋ፣ ጠርዙን ግን አይንካ። አንቺ ዘንድ ደግሞ ነጠላ አለ። ፀሐይ ያረፈበት ነጠላ ከአሸዋውም በላይ ሊነጣ ስለሚችል ልኩን በእሱ ያዢ። ጥለቱ ቀይ ከሆነ የቀዩን ቻናል (የቀዩን ቀለም ብቻ የሚያሳየውን ግራፍ) ለብቻው እዪው፤ ዋናው ሂስቶግራም ደህና መስሎ ሳለ ቀዩ ተቃጥሎ የጥለቱ ክር ሁሉ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ያንን ኤዲቲንግ አይመልሰውም።

ጥላው ሰማያዊ ከሆነብሽ አትደንግጪ። አሸዋው ከአፓላቺያን ተራሮች በወንዝ ታጥቦ የመጣ ንጹሕ ኳርትዝ ነው፤ ጥላ ውስጥ ሲሆን የሰማዩን ቀለም ይመልሳል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) 5500 ኬልቪን አካባቢ ቆልፈሽ ተዪው። አውቶ ላይ ከተውሽው እያንዳንዱ ፎቶ የየራሱ ቀለም ይዞ ይወጣል።

2. ሰዓት። በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይዋ እዚያ 83 ዲግሪ ድረስ ትወጣለች፣ አናትሽ ላይ ነች ማለት ነው። ያኔ ነፋሱ አሸዋው ላይ የሠራው መስመር ጥላ ስለሌለው ይጠፋል፤ የሰመሩ ፎቶሽ ዝርግ የሆነውም በዚህ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከ36 ዲግሪ ብዙም አታልፍም። ስለዚህ የሀበሻ ቀጠሮ ሆኖ ሁለት ሰዓት ብትዘገዩም ቀኑ አይበላሽባችሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፔንሳኮላ ከአትላንታ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ፀሐይዋም በፈረንጅ 5 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

ከፔንሳኮላ ቢች ወደ ናቫር በሚወስደው 399 መንገድ ላይ 7 ማይል ገደማ ቤት የሌለበት፣ የብሔራዊ ፓርክ የሆነ ባሕር ዳር አለ። መኪና ግን በፓርኪንግ ብቻ አቁሚ፤ የመንገዱ ዳር ልል አሸዋ ነው፣ ጎማ ይውጣል። የአሸዋው ክምር (ዱን የሚሉት) ላይ መውጣት ክልክል ነው፣ ሲ ኦትስ የሚሉትን ረጅም ሣር መንቀልም እንዲሁ። ልጆቹን ከባሕሩ በኩል፣ ክምሩን ከኋላቸው አድርገሽ በ70-200 ዙም ሌንስ ከሩቅ አንሺ፤ ክምሩ ተጠግቶ ትልቅ ይመስላል። የሣሩ ጫፍ በነፋስ ሲወዛወዝ አሸዋው ላይ ግማሽ ክብ ይስላል፤ ከዳር ሆነሽ፣ ተንበርክከሽ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 11 ላይ አድርገሽ እሱንም አንሺ። ብዙ ሰው አልፎት ነው የሚሄደው።

3. ነፋስ። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚበላው። ቀዝቃዛ አየር ካለፈ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ከሰሜን ደረቅ ነፋስ ይመጣል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ መስመሮቹ አዲስ ይሆናሉ። ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፣ ለካሜራም ከዚህ የከፋ የለም። ነፋሱ ወደ 15 ማይል በሰዓት ሲጠጋ ደረቁ አሸዋ ይነሳል። አብዛኛው ከጉልበት በታች ነው የሚዘለው፤ ልክ ቦርሳሽን የምታስቀምጪበት ከፍታ ማለት ነው! ቦርሳው ትከሻሽ ላይ ይዋል። ሌንስ እዚያ አትቀይሪ፣ ከመኪናው ውስጥ መርጠሽ ውጪ። ሲዞር እየረዘመ የሚወጣ ዙም (24-105 ዓይነቱ) ባወጣሽው ቁጥር አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር አሸዋ ይገባል። «ዌዘር ሲልድ» የሚለው ጽሑፍ የውሃ ጠብታንና አቧራን በመጠኑ ነው የሚከላከለው፣ ዱቄት የመሰለ አሸዋን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ቀለበቱ ሲዞር ገር ገር ማለት ከጀመረ አታዙሪው፣ ባለበት ተዪው። ጥገና ቤት ስትወስጂው ዋስትና አለኝ ብትዪ አይሰሙሽም፤ አሸዋ የተጠቃሚ ጥፋት ነው ብለው፣ ገና ሳይከፍቱት የሚነግሩሽ ዋጋ አዲስ ሌንስ ሊገዛ ምንም አይቀረው። ለዚህ ነው «አዲስ ሌንስ ልግዛ» ስትዪ የተናደድኩት።

ሌንሱ ላይ አሸዋ ካየሽ በጨርቅም በነጠላ ጫፍም አትጥረጊ። ኳርትዝ ከመስታወቱ ይጠነክራል፣ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በእጅ መንፊያ ንፊው፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቁ መጨረሻ።

ትራይፖድ የምትይዢ ከሆነ የታችኛውን ቀጭን እግር መጀመሪያ እስከ ጫፉ አውጪው። ሰው የላይኛውን ወፍራም ብቻ ይዘረጋና የታችኞቹን መቆለፊያዎች ሁሉ አሸዋ ውስጥ ይቀብራቸዋል። ማታ በንጹሕ ውሃ እጠቢው፤ ጨውም አለበት።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ከላይ «ብዙ መቶ ዶላር ትከፍያለሽ» ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አታስፈራሯት። በጥር 2025 በጸደቀው ሕግ መሠረት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጥቂት ሰው ሆኖ፣ ቦታ ሳይዘጋ ለሚያነሳ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድም ክፍያም የለም። ሠርግ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። የደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ ላይ ወዳለው የድሮ ምሽግ፣ ወደ ፎርት ፒከንስ ከገባችሁ በሩ ላይ በመኪና 25 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። ባሕሩ ሲናወጥ ያ መንገድ ውሃ ይተኛበትና ይዘጋል፣ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ድሮኑን ቤት ተዪው፣ ፓርኩ ውስጥ አይፈቀድም።