መልስ፦ የኤምአይቲ ተማሪዎች እንደሚባለው ናቸውን?
ውድ ጠያቂ፣ የኤምአይቲ ተማሪዎች (የመቀሌውን ሳይሆን በአሜሪካ ያለውን የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ማለትዎ እንደሆነ ወስጃለሁ) በእርግጥ ከኮምፒውተር ዓይናቸውን የማይነቅሉ፣ እርስ በርስ የሚፎካከሩና ጨዋታ የማያውቁ ናቸው ወይ ብለው ጠይቀዋል።

የመጀመሪያው በከፊል እውነት ነው። ተማሪዎቹ በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ «ኮርስ 6» የሚሉት የኤሌክትሪካል ምህንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ብዙ ተማሪ የሚጎርፍበት ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ ፊዚክስም ያጥና ሒሳብ፣ ስምንት የሰብአዊነት፣ የኪነ ጥበብና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶችን ሳይወስድ አይመረቅም፤ የውኃ ዋና ፈተና እንኳ አለበት፤ ካላለፈም ውኃ ዋና ይማራል።

ስለ ፉክክሩ የሚባለው ግን ከሁሉም ይበልጥ የተሳሳተ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ «አለፈ» ተብሎ ብቻ ስለሚመዘገብና የወደቁበት ትምህርት ወደ ውጭ በሚላከው ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ላይ ስለማይታይ፣ አዲስ ገቢው ከጎኑ ያለውን ለመብለጥ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ሳምንታዊው የቤት ሥራም ለብቻ የሚገፋ ስላልሆነ ተሰብስቦ መሥራት የተለመደ ነው።

ጨዋታን በተመለከተ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ኦሊቨር ስሙት የተባለ ጓደኛቸውን በተቋሙ አጠገብ ባለው በሃርቫርድ ድልድይ ላይ እያጋደሙ የድልድዩን ርዝመት በልጁ ቁመት ለክተው፣ አንድ ጆሮ ቢተርፍ ወይም ቢጎድል 364.4 ስሙት ሆኖ አግኝተውታል፤ ምልክቱም እስከ ዛሬ እየታደሰ ይቀባል። ስሙት ራሱ ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም የቦርድ ሊቀመንበር ሆኗል።