ሽምግልናው የወንጀሉን መዝገብ አይዘጋም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የ19 ዓመት ታናሽ እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ከ23 ቀን በፊት ከማታ ሺፍት ስትመለስ የአከራይዋ ወንድም ክፍሏ ድረስ ገብቶ አስገድዶ ደፈራት። ለእኔ የነገረችኝ በ11ኛው ቀን ነው፤ ልብሷንም አጥባዋለች። ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ ‹ያየ ሰው አለ?› ተባልን፤ የለም ስንል ‹ማስረጃ ስታገኙ ኑ› ብለው መለሱን። አሁን ሽማግሌዎች መጥተው ‹ልጁ ጥፋቱን አምኗል፤ 60 ሺህ ብር ይካስ፣ ካልሆነም ያግባት› ይላሉ። እናታችን ልትስማማ ነው። እሑድ መልስ ይጠብቃሉ። የእህቴ የወር አበባም ዘግይቷል። ጊዜው አልፎብናል ወይ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጊዜው አላለፈባችሁም። እህትዎ ለ11 ቀናት ዝም ማለቷም ሆነ ልብሷን ማጠቧ ጉዳዩን አያበላሽባትም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው አብዛኞቹ ሴቶች መጀመሪያ የሚያደርጉት መታጠብና ዝም ማለት ስለሆነ፣ ይህን እንደ ጥፋቷ አድርጎ የሚነግራት ሰው ካለ እባክዎ ከአጠገቧ ያርቁላት።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በዚህ የቅጣት መጠን የሚታይ ወንጀል በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ የሚታገደው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ሰዎች «በ3 ወር ውስጥ ካላመለከታችሁ ያልፋል» ሲሉ ሰምተው ከሆነ፣ ያ ደንብ የሚሠራው በግል አቤቱታ ብቻ ለሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች ነው። አስገድዶ መድፈር ከእነዚያ አንዱ አይደለም፤ የግል ተበዳይዋ አቤት ባትል እንኳ ዐቃቤ ሕግ በሕዝብ ስም የሚከስበት ወንጀል ነው።

የሽማግሌዎቹም ነገር ከዚሁ ይመነጫል። ክሱ የእህትዎ ወይም የእናትዎ የግል ንብረት ስላልሆነ፣ ቤተሰቡ «ታርቀናል» ብሎ ቢፈርምም ዐቃቤ ሕጉን አያስረውም። በሲዳማ የሶንጎ ሸንጎና የአፊኒ ሥርዓት የመሬትን፣ የደምንና የጎረቤትን ጠብ ለዘመናት ሲፈታ የኖረ የተከበረ ባህል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹንም ልዝለፍ አልልም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በግልና በቤተሰብ ሕግ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ሲሆን ነው። የወንጀል ጉዳይ በዚህ ውስጥ አይገባም። እህትዎ ባልተጠየቀችበት ድርድር ላይ የእናትዎ እሺታ የእርሷን ፈቃድ አይተካም።

«ያግባት» የሚለው ሐሳብ በተለይ ያሳዝነኛል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ሴት ካገባ ክሱ እንዲቀር የሚፈቅድ ድንጋጌ ነበረው፤ ብዙ ሴቶች ከደፈራቸው ሰው ጋር ዕድሜ ልካቸውን እንዲኖሩ የተፈረደባቸው በዚያ መንገድ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ያንን ድንጋጌ አስቀርቶታል። ስለዚህ ሰውየው ቢያገባት እንኳ ከወንጀል ተጠያቂነት አይድንም።

ወደ ማስረጃው ልምጣ። ፖሊስ ጣቢያ የተነገራችሁ ነገር ከሕግ ጋር አይሄድም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 22፣ መርማሪ ፖሊስ የቀረበለት አቤቱታ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ምርመራውን ማካሄድ እንዳለበት ያዛል። ማስረጃ መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው፤ የእናንተ ድርሻ የምታውቁትን መናገር ነው። አስገድዶ መድፈር በዓይን ምስክር ካልተረጋገጠ አይቀበልም የሚል ድንጋጌም በሕጋችን የለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚፈጸም ወንጀል ስለሆነ ቢኖርም ኖሮ ማንም ባልተቀጣ ነበር። ስለዚህ ተመልሳችሁ ሂዱና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳዮችን የሚከታተለውን ክፍል ጠይቁ፤ ቃሏ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ከመፈረሟ በፊት እንዲነበብላት፣ የመዝገቡም ቁጥር እንዲሰጣችሁ አጥብቁ። እንደገና ቢመልሷችሁ በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ መሄድ ትችላላችሁ።

ምን ማስረጃ አለ? ከሁሉ በፊት የእህትዎ የራሷ ቃል አለ። በ11ኛው ቀን የነገረችዎት እርስዎ ነዎት፤ እንዴት ሆና፣ በምን ቃል እንደነገረችዎት መመስከር ይችላሉ። በሺፍቱ ስንት ሰዓት እንደወጣች የፋብሪካው የሰዓት መቆጣጠሪያ ያሳያል። የግቢው ተከራዮች ጩኸት ወይም የበር ድምፅ ሰምተው ይሆናል። ሰውየው በስልክ ወይም በቴሌግራም የላከው ነገር ካለ፣ «ይቅርታ» የሚል አንድ ቃል እንኳ ቢሆን፣ እንዳይጠፋ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ጉዳዩን ለመዝጋት የመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸው ምስክር ሊሆኑ መቻላቸው ነው፤ ጥፋቱን ያመነው በፊታቸው ከሆነ፣ የሰሙትን እንዲናገሩ በፍርድ ቤት ሊጠሩ ይችላሉ።

ልብሱ ቢታጠብም አይጣል። ከዓመታት በፊት አንዲት ባለጉዳዬ ቀሚሷን አጥባና ተኩሳ፣ በፌስታል ቋጥራ ይዛው መጣች፤ «ቆሻሻውን ይዤ ሰው ፊት እንዴት እቀርባለሁ» አለችኝ። የተቀደደው የብብቱ ስፌት ግን እንዳለ ነበር። ይህን ለሌሎች አንባቢዎችም እላለሁ፦ ልብሱ ሳይታጠብ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል።

የጤናው ጉዳይ ግን ለነገ ሊቆይ አይገባም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም የሚወሰደው በ5 ቀናት ውስጥ በመሆኑ ሁለቱም አልፈዋል። ቢሆንም የኤችአይቪ፣ የአባላዘር በሽታና የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ የኤችአይቪው ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። እርጉዝ ሆና ከተገኘችና እርግዝናውን ማቋረጥ ከፈለገች፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በአስገድዶ መድፈር የመጣ እርግዝና በጤና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ ይደነግጋል። የፖሊስ ወረቀትም ሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ልትባል አይገባም፤ የደፈራትን ሰው ስም እንድትናገርም አትገደድም። ውሳኔው ግን የእናትዎም የእርስዎም ሳይሆን የእርሷ ብቻ ነው። ሐኪም የዕረፍት ፈቃድ ከጻፈላት ለአሠሪዋ በቶሎ ይድረስ፤ የሙከራ ጊዜዋን ለጨረሰች ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው።

ስታስመረምሯት የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ሰዉ «ዋን ስቶፕ» የሚለውን፣ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው ይህ አሠራር ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና አማካሪውን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ ሲሆን፣ ዓላማውም ተበዳይዋ ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደጋግም ነው። በሥራዬ ከማያቸው በደሎች ሁሉ ብዙ የሚያደክመኝ ይህ መደጋገም ነው፤ በጣቢያው መስኮት፣ ሰልፈኛው እየሰማ፣ ከዚያ በመርማሪው፣ በሐኪሙ፣ በዐቃቤ ሕጉ፣ በመጨረሻም ተከሳሹ በተቀመጠበት ችሎት ያንኑ ሌሊት የምትተርክ ሴት ግማሹ መንገድ ላይ ብትተወው አልፈርድባትም። ማዕከላቱ ሊበዙ፣ ሌሊትና በበዓል ቀንም ክፍት ሊሆኑ፣ አንዴ በሠለጠነ ሰው የተመዘገበ ቃልም ለሁሉም ሊያገለግል ይገባል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ቃሏን በተለየ ክፍል፣ ለሴት ፖሊስ እንድትሰጥ ጠይቁላት። ፍርድ ቤት ስትቀርብም ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ በዐቃቤ ሕጉ በኩል ማመልከት ይቻላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ይህን ይፈቅዳል።

እህትዎ ከዚያ ግቢ ዛሬውኑ ትውጣ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሐዋሳ ላይም ማረፊያ ቤት አለው፤ መጠለያ፣ ምክርና የሕግ ክትትል በነጻ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎትም ያለ ክፍያ ይረዷችኋል። ተጠርጣሪው ተይዞ በዋስ ሊወጣ ስለሚችል አስቀድማችሁ ተዘጋጁ፤ ሆኖም የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት ዋስትና እንዲከለከል ስለሚፈቅድ፣ የደረሰባችሁን ግፊትና ዛቻ ሁሉ ከነቀኑ ለዐቃቤ ሕጉ አሳውቁ።

እናትዎን ያሳሰባቸው ገንዘቡ ከሆነ፣ ካሳ በሕግም እንደሚገኝ ያስረዷቸው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የወንጀሉን ክስ የሚሰማው ፍርድ ቤት ካሳውንም አብሮ እንዲወስን በችሎቱ መክፈቻ ማመልከት ይቻላል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ አይበቃም ብሎ መዝገቡን ከዘጋው ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበሉና ቀኑን ቁጠሩ፤ በአንቀጽ 44 መሠረት ክስ እንዲመሠረት ለማመልከት ያላችሁ ጊዜ 15 ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በአክብሮት ይቀበሏቸው፤ ቡናም ያፍሉላቸው። ብር አትቀበሉ፤ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «ጉዳዩን ለሕግ ሰጥተነዋል» ይበሏቸው፤ እህትዎም እዚያ እንድትቀመጥ አትገደድ። ሲወጡ ማን ማን እንደመጣ፣ ሰውየው ምን እንዳመነ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምረው በደብተር ይጻፉና ሰኞ ጠዋት ለመርማሪው ይስጡት።