«ሱቅ»፣ «ልኳንዳ»፣ «ግሮሰሪ»፦ የመሸጫ ቦታ ስሞች

ጥያቄ፦ «ሱቅ» ዐረብኛ ከሆነ፣ ዐረቦቹ ገበያውን በሙሉ የሚጠሩበትን ቃል እኛ እንዴት ለአንዲት ክፍል ሰጠነው? «ሥጋ ቤት» ነው ወይስ «የሥጋ ቤት»? በትርጉም ሥራዬ ላይ «ግሮሰሪ» ያልኩትንም አርታኢዬ ሰረዙብኝ።

መልስ፦ ቃሉ የዐረብኛው «ሱቅ» ነው፤ በዚያ ቋንቋ ፍቺው ገበያ ነው። አማርኛ ግን ለዚህ «ገበያ» የሚል ቃል፣ ከነ«ተገበያየ» ከነ«ገበያተኛ» ነበረው። እንግዳው ቃል ስለዚህ ቦታው ጠበበና በርና መደርደሪያ ላላት፣ ባለቤቷ ለሚታወቅ አንዲት መሸጫ ስም ሆነ። ትግርኛ ለዚሁ ነገር ሌላ የዐረብኛ ቃል «ድኳን»ን ወስዷል።

ከጣልያንኛ የመጡትም መልካቸውን ለውጠዋል። «ልኳንዳ» እዚያ የእንግዳ ማደሪያ ነው፤ እኛ ዘንድ ሥጋ የሚሸጥበት ሆነ። «መርካቶ» ደግሞ ገበያ ማለት ብቻ ነው፤ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ዛሬ ወዳለበት ሲወስዱት የቦታው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። «መርካቶ ገበያ» ማለት ድግግሞሽ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቃሉ አንዴ የተጸውዖ ስም ከሆነ ጣልያንኛ ፍቺው አይቆጠርም።

በ«ግሮሰሪ» አርታኢዎ ልክ ናቸው። እንግሊዝኛው የምግብ ሸቀጥ የሚሸጥበትን ይላል፤ በእኛ አማርኛ ግን ግሮሰሪ ቢራና አረቄ የሚጠጣበት ጠባብ ቤት ነው። በልቦለዱ ውስጥ እናት የሰባት ዓመት ልጇን «ከግሮሰሪ ስኳር ግዛ» ብላ ብትልከው አንባቢ ግራ ይጋባል። «ሱቅ» ይበቃል፤ መለየት ካስፈለገ «የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ» ይበሉ።

«ሥጋ ቤት» ያለ «የ» ይጻፋል። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው አንድ ስም ስለሆኑ ብዛትም እምርነትም (የታወቀ መሆኑን የሚያሳየው «ኡ») «ቤት» ላይ ይቀጠላል፦ ሥጋ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቱ። «የ» ሲገባ ግን ተከታይ ስም ይጠበቃል፦ «የሥጋ ቤት ቢላዋ»። በ«ሱቅ» ላይ ነገሩ ይለያል፤ «የልብስ ሱቅ» ቢሉ ችግር የለውም። ከ«ቤት» የሚቀድመው ስም ሁልጊዜ የሚሸጠውን ዕቃ ይነግራል ብለው ግን አይመኑ፤ ፀጉር ቤት ፀጉር አይሸጥም፣ ቡና ቤትም ብዙ ጊዜ የሚገባው ለቢራ ነው። ቡናው ካፌ ነው።

«ጉሊት» የራሳችን ነው፤ «ጎለተ» ከሚለው ግስ ይወጣል፣ «ጉልቻ»ም ዘመዱ ነው። ሻጯ ሽንኩርቷንና ቃሪያዋን መሬት ላይ ዘርግታ ተጎልታ የምትውልበት ነውና ስሙ ይገባዋል።

ከሁሉ ለሰዋስው ሰው የሚጥመው «ሱቅ በደረቴ» ነው፦ ማስቲካና ከረሜላ የደረደረበትን ሣጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሻጭ። መጨረሻው ላይ ያለው «ኤ» የባለቤትነት («የእኔ») አመልካች ቢሆንም ደርቆ ከስሙ ጋር ተጣብቋል፤ ስለዚህ «ሱቅ በደረቴው መጣ»፣ «ሱቅ በደረቴዎች» እንላለን። «ሱቅ በደረቱ» ብለው ካረሙት ስምነቱ ይጠፋል።